መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው ሙዚየም፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዓይን

መግቢያው ነፃ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው ስለማያውቅ ነው። በየቀኑ በዚያ በኩል የሚያልፉ ባልደረቦቼ እንኳን “ስንት ያስከፍላል?” ብለው ጠይቀውኛል። አያስከፍልም። የመዋጮ ሳጥን አለ፣ የፈቀዳችሁትን ትጥላላችሁ። ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል መስቀል አደባባይን ተሻግራችሁ ወደ ቦሌ መንገድ ጥግ ስትደርሱ፣ የሦስት ሴቶች ሐውልት ከፊቱ የቆመበት ሕንፃ ነው። የ“ቀይ ሽብር” ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይባላል፣ ደርግ ተቃዋሚ ናችሁ ብሎ ለገደላቸው ሰዎች የቆመ ነው። የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፣ አለበለዚያ የምለው ላይገባችሁ ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ገቢ ደብዳቤ እመዘግባለሁ። ወጪ ደብዳቤ ላይ ቁጥርና ቀን እሰጣለሁ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከወረቀት ጋር ነው። ስለዚህ ሙዚየም ውስጥም ዓይኔ ወረቀት ነው የሚፈልገው። ሌላው ጎብኚ አጽሙ ፊት ቆሞ እንባውን ሲጠርግ እኔ ማን ፈረመ፣ ማን መታ፣ ግልባጩ ለማን ሄደ እያልኩ ነበር። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፣ የለመደ ዓይን ነው።

አብሮኝ የሄደው የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ በኋላ ብዙ ተንከራቶ በቅርቡ አንድ ቦታ ግዥ ክፍል ተቀጠረ። ግዥ ክፍል! እናቱ ሰፈሩን ቡና ጠራች። እኔ እልልታውን አደመቅኩና ቤቴ ስገባ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ግዥ ክፍል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ፕሮፎርማው ከየት እንደሚመጣ፣ ሦስቱም ዋጋ በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ሲጻፍ ማን ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ምክር ብነግረው “እሺ አክስቴ” ብሎ እንደሚያልፈኝም አውቃለሁ። ስለዚህ ወደዚህ ይዤው መጣሁ። ምክንያቴን አልነገርኩትም፣ “የእረፍት ቀንህን አብረን እናሳልፍ” ነው ያልኩት።

አስጎብኚ ያዙ። ይህ የግምገማዬ ዋናው ምክር ነው። ለብቻ ከገባችሁ ፎቶና አጥንት አይታችሁ፣ አዝናችሁ ትወጣላችሁ። እዚያ ከሚያስጎበኙት ውስጥ በዚያ ዘመን ራሳቸው የታሰሩና የተገረፉ አሉ። እኛን የያዙን ጠና ያሉ አባት ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቀልድ የሚያውቁ፣ የሰው ፊት የሚያነቡ። የእህቴን ልጅ “ልጄ” እያሉ፣ መልሱን ከመናገራቸው በፊት እሱን ይጠይቁታል። ወፌ ላላ የሚባለውን ግርፋት የሚያሳየው ምስል ጋ ስንደርስ ብዙ አላብራሩም። እጅና እግሩ ታስሮ በእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። “አያችሁ አይደል?” አሉና አለፉ። እኔ ይህን ወደድኩላቸው።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ከ1966ቱ አብዮት ነው። የወሎ ረሃብ፣ ሰልፉ፣ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን የተወሰዱበት ቀን። ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነው ነው፣ እዚያ ላይ አልቆይም። የምቆየው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ባለው ላይ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ቤታቸው ተከበው በተኩስ ልውውጥ ሞቱ። አማን የደርጉ ሊቀመንበር የነበሩ ሰው ናቸው። ያለ ፍርድ መግደሉንም፣ ወደ ኤርትራ ተጨማሪ ጦር መላኩንም ተቃውመው ነበር። ከላይኛው ወንበር ላይ ሆኖም “አልስማማም” ማለት ይቻል እንደነበር፣ ዋጋውም ምን እንደነበር ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ግልጽ ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ሽብርን ሲያውጁ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የሰበሩት ከሙዚየሙ ደጃፍ ላይ ካለው አደባባይ ነው። ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። ዛሬ ልጆች ስኬቲንግ የሚነዱበት፣ እሑድ ጠዋት ሰው የሚሮጥበት። የእህቴ ልጅም እዚያው ይሮጣል። “እዚህ?” አለ። “እዚሁ” አሉት አስጎብኚው።

ከዚያ ፎቶዎቹ ይመጣሉ። ግድግዳ ሙሉ ፊት። ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶዎች ናቸው፣ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። ልጆች ናቸው። ከዚያ አጽሞቹ፣ በመስታወት ውስጥ። ከጅምላ መቃብሮች የወጡ ናቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት ምርመራ ባለሙያዎች በቁፋሮው ረድተው ነበር። የራሳቸውን አገር የጠፉ ልጆች ሲፈልጉ የተካኑ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ክፍል ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። ልቡ የማይችል ሰው ፈጠን ብሎ ይለፍ፣ የሚያዝንበት የለም።

እኔን የያዘኝ ወረቀቱ ነው። ያ መንግሥት ይጽፍ ነበር። የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ያገኘው የሰነድ ክምር የብዙ አገር ዐቃቤ ሕግ የሚመኘው ነው። “አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድባቸው” የሚል ትእዛዝ፣ ፊርማ፣ ማኅተም። አሁን በእኔ ሥራ አስቡት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ረቂቁን አዘጋጅቷል። አንዷ ታይፕ መትታለች፣ ምናልባት የስም ፊደል ተሳስታ ነጭ ቀለም ቀብታ አርማለች። አንዱ ቁጥር ሰጥቶታል። አንዱ ማኅተም አድርጎ በግልባጩ ልክ ለይቷል። አንዱ በፖስታ አሽጎ አድርሷል። ተቀባዩ መዝገብ ቤት ደግሞ ቀን ጽፎ ፈርሞ ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ነው መኪና የሚነሳው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሽጉጥ የያዘ የለም። ሁሉም አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከሥራ ወጥተው በአውቶቡስ ቤታቸው ገብተዋል፣ ራት በልተዋል።

የእህቴ ልጅ ያኔ ነው የተናገረው። “ታዲያ ምን ታድርግ ታይፒስቷ? ልጆች ቢኖሯትስ?”

ጥሩ ጥያቄ ነው። “እሷም ነፍሰ ገዳይ ናት” ብዬ ዝም ላሰኘው አልፈለግኩም፣ ውሸት ይሆናል። “ምንም ማድረግ አትችልም ነበር” ማለትም ውሸት ነው። ክሱ ራሱ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አልከተተም። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ 5,198 ሰዎችን ሲከስስ በሦስት ከፍሏቸው ነበር። ፖሊሲ ያወጡና የወሰኑ 146፣ ትእዛዙን ያስተላለፉና በራሳቸውም የወሰኑ መካከለኛ ኃላፊዎች 2,433፣ በእጃቸው የፈጸሙ 2,619። ቁጥሩን በደንብ እዩት። ከላይ ያሉት 146 ብቻ ናቸው። ስለ ደርግ ስናወራ የምናወራው ስለ እነሱ ነው። የተቀሩት አምስት ሺህ ሰዎች የቀበሌና ከቀበሌ በላይ ያለው የ“ከፍተኛ” ሹም፣ መርማሪ፣ ዘበኛ ነበሩ። ጎረቤት ነበሩ። ታይፒስቷ ከሦስቱ አንዱም ውስጥ የለችም። ሕጉ አልፈለጋትም። እኔ ግን ስለ እሷ ማሰብ አላቆምኩም፣ ምክንያቱም ወንበሯ የእኔ ወንበር ነው።

ስለ መካከለኞቹ አንድ ታሪክ ብቻ። ቀልቤሳ ነገዎ እዚሁ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። ዘመኑ ሲያልፍ አሜሪካ ገባ፣ አትላንታ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ ያዘ። እዚያው ሆቴል ትሠራ የነበረችው እጅጋየሁ ታዬ አንድ ቀን አየችው። በወጣትነቷ ያስገረፋት ሰውዬ ነው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት። በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው አምስት መቶ ሺህ ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። በኋላም ተባርሮ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፣ በሌለበት ወደ ተፈረደበት ዕድሜ ልክ እስራት። የእህቴ ልጅ ይህንን ስነግረው “ፊልም ይመስላል” አለ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው በሆቴሉ ጥሩ ሠራተኛ የነበረ ይመስለኛል። በከፍተኛውም ዘመን ትጉህ ሠራተኛ የነበረ ይመስለኛል። ትጋት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ሰፈር ልመልሳችሁ። እናቴ ስለዚያ ዘመን የምታወራው በጣም ጥቂት ነው። ከጥቂቱ አንዱ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ዘብ ነው። አሰሳ ሊመጣ ሲል ማታ በየበሩ እያለፈ “ቤት አፅዱ” ይል ነበር። ሰው ገብቶት መጽሐፉንና ወረቀቱን ያቃጥላል፣ ሽንት ቤት ይጥላል። ከእናቴ ወንድሞች አንዱ የተረፈው በዚህ ነው። ይኸው ሰውዬ ግን ጠብመንጃ ይዞ በር ላይ ሲቆም የጎረቤታችን ልጅ ተወስዷል፣ አልተመለሰም። ከ1983 በኋላ ሰውዬው ሲታሰር ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። እናቴ ስንቅ አመላለሰችለት። ጎረቤታችን ደግሞ ራሷ እስክትሞት ድረስ እናቴን ሰላም አላለቻትም። በአንድ ዕድር ውስጥ፣ በአንድ ድንኳን ሥር፣ ጀርባ ለጀርባ። ሁለቱም ልክ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። ይህን ለአስጎብኚው ነገርኳቸው። ረጅም ሰዓት ዝም አሉና “ጠብመንጃውን መቀበሉ ነው ችግሩ። ከተቀበለ በኋላማ የቻለውን አደረገ” አሉኝ። በሙሉ ልቤ አልተስማማሁም፣ ያለ ጠብመንጃው ማስጠንቀቅም አይችልም ነበር። ግን ክርክሩን እዚያ ቆመው ከእኔ ጋር ለመከራከር ፈቃደኛ መሆናቸው ብቻውን ለግምገማዬ ይበቃል።

መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚታወቅ አንድ መላ አለ። አሁን ጡረታ የወጣ ባልደረባዬ የተካነበት ነበር፣ መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። አንድ ኃላፊ ወደ መዝገብ ቤት ወረደና የአንዲት አሮጊት የቀበሌ ቤት ክርክር ፋይል “ጠፍቷል በል” አለው። ፋይል ማጥፋት በአገራችን ርካሹ ግፍ ነው። ሰው አትመታም፣ አታስርም፣ “አልተገኘም” ትላለህ፣ ሰውየው ስድስት ወር ተመላልሶ ይተወዋል። ጓደኛዬ “እሺ ጌታዬ፣ በጽሑፍ ይዘዙኝና አጠፋዋለሁ” አለ። ኃላፊው ተቆጥቶ ወጣ። ትእዛዙ በጽሑፍ አልመጣም፣ ፋይሉም አልጠፋም። ጓደኛዬ ግን ወደ ግምጃ ቤት ተዛወረ፣ ጡረታ እስኪወጣ ከዚያ አልተነሳም።

ለእህቴ ልጅ ይህን መላ ላስተምረው ነበር ሐሳቤ። ሙዚየሙ አበላሸብኝ። ምክንያቱም እዚያ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው። “በጽሑፍ ስጠኝ” የሚሠራው አለቃህ ገና ሲያፍር ነው። ማፈር ሲያቆም በሚያምር ፊርማ ይሰጥሃል፣ ከዚያስ? ወረቀቱ እጅህ ላይ ነው፣ ደህንነት ይሰማሃል፣ ትፈጽማለህ። ሕጉ ይህንን ያውቃል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 የበታቹ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ እንደሚቀጣ ይናገራል። ታዝዤ ነው ማለት ቅጣት ሊያቀልልህ ይችል ይሆናል፣ ከመከሰስ አያድንህም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 28 ላይ በስብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ አይታገዱም ይላል። ፍርዱ ዘግይቶ ቢመጣም መጣ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው ጥፋተኛ የተባሉት በታኅሣሥ 1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት። ዋናው ተከሳሽ ደግሞ ዚምባብዌ ሆነው በዜና ሰሙት።

ሙዚየሙ ላይ ምኞት አለኝ፣ ቅሬታ አይደለም። አንድ ግድግዳ እምቢ ላሉ ሰዎች ብሰጥ እወዳለሁ። ለመጀመሪያው ቦታ እጩዬ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ። ሁለቴ ታስረው ተፈቱ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ አገር ጥለው እንዲወጡ መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። ምእመኖቼን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከዚሁ ከተማ ታፍነው ተወሰዱና በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው እጩዬ የደርግ ዘመን ሰው አይደሉም፣ ለዚህ ነው ግድግዳው የምኞቴ ብቻ የሆነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሰው ሲገደል ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ነበሩ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ፣ አብዛኛው አባል መንግሥት የተጠቀመበት ኃይል ከመጠን ያለፈ ነበር ብሎ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ውጤቱን ቀይሩ የሚል ጫና መጣ። ፍሬሕይወት ሰነዳቸውን ይዘው አገር ጥለው ወጡ። ጉዲና ቀሩ፣ ፍሬሕይወት ሄዱ፣ ሁለቱም እምቢ አሉ። አንድ ቁጥር ለመቀየር እምቢ ማለት ለእኔ ቢጤ ሰው በጣም ቅርብ ነው። ጥይት አይጠይቅም። 193ን ሌላ ነገር አድርገህ አለመጻፍ ነው።

“እኔ ግን ቄስም ዳኛም አይደለሁም” አለኝ የእህቴ ልጅ ስንወጣ። ባምቢስ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። ስለ ግዥ ክፍል አንድም ቃል አላወጣሁም። ራሱ ጀመረ። ገና በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አንጋፋ ሠራተኛ “ይቺን ቃለ ጉባኤ አብረኸን ፈርምባት፣ አንተ ባትኖርም ኮረም ይሟላልን” ብሎታል። ፈርመህ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። “ቀኑ ስንት ይላል?” ነው ያልኩት። ሳቀ። “አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ቀን” አለኝ። ያልነበርክበት ስብሰባ ላይ ነበርኩ ብለህ ከፈረምክ፣ ከዚያ በኋላ የምትፈርመው ሁሉ ከዚህ ትንሽ ብቻ ነው የሚከብደው አልኩት። ተከራከረኝ። ኮረም ማሟላትና ሰው መግደል አንድ አይደለም አለ። አይደለም፣ ልክ ነው። ግን ታይፒስቷም ሥራዋን የጀመረችው የግድያ ደብዳቤ በመምታት አይመስለኝም። የፈቃድ ደብዳቤና የደሞዝ ጭማሪ ነበር የምትመታው።

ማኪያቶው በነገራችን ላይ ጥሩ ነበር፣ ዋጋው ግን አሁን ስለ እሱ አናውራ።

ተግባራዊ ነገሮች። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፣ አጽሙና የግርፋቱ ምስል ያስፈራል። ሃይስኩል ከደረሰ ልጅ ጋር ሂዱ። ደርግ ብቻ ሳይሆን በተቃራኒው ወገን ስለተፈጸመው የከተማ ግድያ፣ ነጭ ሽብር ስለሚባለው፣ አስጎብኚውን ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ሳይቆጡ መልሰውልናል። በቂ ሰዓት ያዙ፣ በምሳ እረፍት የሚያልቅ አይደለም። በባቡር ከመጣችሁ እስጢፋኖስ ወርዳችሁ በእግር ቅርብ ነው። አዲስ ሥራ የያዘ ዘመድ ካላችሁ፣ በተለይ ግዥ፣ ፋይናንስ፣ መሬት ወይም ሰው ሀብት፣ ስጦታ ሸሚዝ ከመግዛት ይልቅ እዚህ ውሰዱት። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ግቡ፣ ሳጥኑ መልስ አይሰጥም።